ውጪ ሄዶ በሙያ ለመኖር የት ይሻላል? ከጅማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይሄ ዲግሪና የስራ ልምድ ይዘው በህጋዊ መንገድ ወጥተው በሙያቸው መስራት ለሚፈልጉ የጅማና የአካባቢዋ ሰዎች ነው። ከሆስፒታልም ከኪቶም (የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ) ከግብርና ኮሌጁም የሚመጣው ጥያቄ ተቀራራቢ ስለሆነ አንድ ላይ አስቀመጥኩት። የነጥብና የገንዘብ መጠኖቹ እ.ኤ.አ. 2025 ላይ የነበሩ ናቸው፣ ስለዚ አፕላይ ከማድረጋችሁ በፊት የየአገሩን የመንግስት ድረገጽ ራሳችሁ ከፍታችሁ እዩ።

በቃ አንድ አገር ንገረን፣ የቱ ይሻላል?

አንድ አገር ጠርቼ ብነግራችሁ እጎዳችኋለሁ። መጀመሪያ የሚጠየቀው አገሩ ሳይሆን "የኔን ሙያ እዛ ለመስራት ፈቃድ ያስፈልገዋል ወይ፣ ካስፈለገስ ማነው የሚሰጠኝ፣ ምን ያህልስ ይፈጃል" የሚለው ነው። አንድ ቤት ውስጥ ባል ሐኪም ሚስት ሶፍትዌር ሰሪ ቢሆኑ እሷ ፈቃድ ምናምን ሳያስፈልጋት ቀጣሪ ካገኘች የትም ትሰራለች፣ እሱ ግን ካናዳ ቢገቡ ፈተናውን ሁሉ አልፎ የስፔሻሊቲ ቦታ እስኪያገኝ ዓመታት ሊቀመጥ ይችላል፣ ስለዚ የዛ ቤት ምርጫ መለካት ያለበት በሱ ፈቃድ ነው። ሰው ግን የሚያደርገው ተገላቢጦሹን ነው፤ ያክስት ልጅ ቶሮንቶ አለ ስለዚህ ካናዳ ይላል፣ ከደረሰ በኋላ ዲግሪው ሻንጣ ውስጥ ቀርቶ መጋዘን ውስጥ እቃ ሲጭን ይከርማል። መጋዘን መስራት ነውር አይደለም፣ ግን አስር ዓመት የለፋችሁበት ሙያ እዛ ሲቀር ያሳዝናል፣ ብዙ ሰውም ጥያቄውን ቀድሞ ቢጠይቅ ኖሮ ይድን ነበር።

ደሞ ፈቃዱን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው አገሩ አይደለም። ካናዳ ውስጥ ነርስንም ኢንጂነርንም የሚመዘግበው እያንዳንዱ ፕሮቪንስ (ክልል) ነው፣ ጀርመንም የሐኪምና የነርስ እውቅና በየክልሉ ነው የሚታየው። ስለዚ "ካናዳ" ብሎ መወሰን ገና ግማሽ ውሳኔ ነው፣ አልበርታ ነው ኖቫ ስኮሺያ ነው የሚለው ነው ህይወታችሁን የሚወስነው።

ነርስ ነኝ፣ ልምድ አለኝ፣ ዱባይ፣ እንግሊዝ ወይስ ጀርመን?

እህቴ ይሄን ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ዱባይና አቡዳቢ ቶሎ የሚሆን ነው፤ ዶክመንትሽ ዳታፍሎው በሚባለው ድርጅት ይጣራል፣ የፈቃድ ፈተናውን ትወስጃለሽ፣ ቀጣሪ ካገኘሽ ትሄጃለሽ። እንግሊዝኛ ይበቃሻል፣ ደሞዝሽ ላይ የገቢ ግብር የለም፣ በረራውም 4 ሰዓት ገደማ ስለሆነ እናት ቢታመሙ ትደርሻለሽ። ግን መኖሪያሽ ከስራሽ ጋር የታሰረ ነው፣ ስራው ካለቀ መኖሪያውም ያልቃል፣ ዜግነት ደግሞ ለተራ ሰራተኛ የሚታሰብ አይደለም። ገንዘብና ልምድ ለመያዝ ጥሩ ነው፣ ለመስፈር ግን አልመክርም።

እንግሊዝ ለነርስ የፈተናው መንገድ ግልጽ ነው፤ አይኤልትስ አካዳሚክ (የእንግሊዝኛ ፈተና) በማንበብ፣ በማዳመጥና በመናገር 7፣ በጽሁፍ 6.5፣ ከዛ የኮምፒውተር ፈተና፣ ከዛ እዛ ሄዶ የተግባር ፈተና። አንድ ማወቅ ያለብሽ ግን ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ካወጣው የ55 አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት፣ የጤና ባለሙያ እጥረት ስላለባቸው ሌላው አገር መጥቶ እንዳይመለምልባቸው የተባሉት ማለት ነው። የእንግሊዝ ቀጣሪዎች እዚህ መጥተው መመልመል አይችሉም፣ አንቺ ግን በራስሽ ማስታወቂያ አይተሽ ማመልከት ትችያለሽ። "ኬር ወርከር" (አረጋውያንና ህመምተኛ የመንከባከብ ስራ) የሚባለው መንገድ ደግሞ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ከውጪ ለሚመጣ አዲስ ሰው ተዘግቷል፣ አሁንም ለሱ ብር የሚቀበል ደላላ ካለ ብርሽን ይዘሽ ሂጂ። ቋሚ መኖሪያው 5 ዓመት የነበረውን ወደ 10 ለማሳደግም መንግስታቸው በ2025 እቅድ አውጥቷል።

ጀርመን ቋንቋው ከባድ ነው፣ ማስመሰል አያስፈልግም፤ እንደ ነርስ ለመመዝገብ በአብዛኛው ቢ2 ጀርመንኛ (ከኤ1 እስከ ሲ2 ካሉት ስድስት ደረጃዎች አራተኛው) ይጠየቃል፣ ፈተናው ደግሞ አዲስ አበባ ጎተ ኢንስቲትዩት ስለሆነ ከጅማ መመላለስ አለው። እነሱ ዘንድ ነርስ 2,100 ሰዓት ትምህርትና 2,500 ሰዓት ተግባር ነው የሚማረው፣ ያንቺን ትራንስክሪፕት ከዛ ጋር ያነጻጽሩና የጎደለውን በፈተና ወይም በስልጠና ታሟያለሽ፣ አንዳንድ ሆስፒታል እየሰራሽ እንድታሟይ ያደርጋል። እኔ እንደሚመስለኝ አንድ ዓመት ተኩል ቋንቋ ላይ ለመቀመጥ አቅም ላላት ሰው ለመስፈር ከሶስቱ ጀርመን ይሻላል፣ ምክንያቱም ቋንቋውን ይዘሽ ስለምትገቢ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሙያሽ አካባቢ ነሽ። ልብ በይ ግን፣ ከላይ ካልኩት ዝርዝር ውስጥ ካሉ አገሮች የጤና ባለሙያ መመልመል ጀርመን ውስጥ የተፈቀደው ለመንግስታቸው የስራ ኤጀንሲ ብቻ ነው። ስለዚ "ነርሶችን ወደ ጀርመን እንልካለን" የሚል የግል ቢሮ ካየሽ ዶክመንትሽን እንዳትሰጪ።

ሐኪም ነኝ፣ ካናዳ ነው የማስበው

ወንድሜ ካናዳ ለሐኪም ከሁሉም ከሚከብዱት አንዱ ነው፣ ፈተናውን ማለፍ ሳይሆን ስፔሻሊቲ ቦታ ማግኘት ነው የሚያስቸግረው። እንግሊዝ ፕላብ 1 እና 2 (የውጪ ሐኪሞች የሚፈተኑት የፈቃድ ፈተና) ነው፣ አይኤልትሱ 7.5 ሆኖ በየክፍሉ ከ7 ያላነሰ፣ አሁን ግን ፕላብ አልፈው ስራ የሚጠብቁ ብዙ ናቸው። ጀርመን አጠቃላይ ቋንቋው ቢ2፣ የህክምና ቋንቋ ፈተናው ግን ሲ1 ደረጃ ነው፣ ዋናው ፈቃድ እስኪመጣ በጊዜያዊ ፈቃድ መስራት ይቻላል፣ እሱም እስከ 2 ዓመት። ከሙኒክና ከበርሊን ይልቅ ትንንሽ ከተማ ያሉ ሆስፒታሎች ሐኪም ስለሚያጥራቸው መልስ ቶሎ ይሰጣሉ።

ከኪቶ የተመረቅኩ ሲቪል ኢንጂነር ነኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ሶፍትዌር ነው

ለጓደኛህ ቀላል ነው፣ ጀርመን በአይቲ በቂ ልምድ ላለው ዲግሪ ሳይኖረውም በር ከፍታለች፣ ጥሩ ሲቪና የሚታይ ስራ ይኑረው። ላንተ፣ ካናዳ ውስጥ የኢንጂነር ፈቃድ በፕሮቪንስ ነው ግን ፈቃድ ባለው ሰው ስር ሆነህ መስራት ትችላለህ። ኦንታሪዮ ድሮ ትጠይቅ የነበረውን የካናዳ የስራ ልምድ በ2023 አንስታዋለች፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ጀርመን ደግሞ ዩኒቨርሲቲህና ዲግሪህ አናቢን የሚባለው ዳታቤዝ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ እይ፣ በነጻ ነው፣ ስልክ ላይም ይከፈታል፣ ቪዛ ሲባል መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።

የግብርና ምሩቅ ነኝ፣ ለኛ የሚሆን አገር አለ?

አለ፣ ግን ከተማ ስም አትከተሉ። ሳስካችዋንና ማኒቶባ በእርሻ የሚኖሩ የካናዳ ፕሮቪንሶች ናቸው፣ አውስትራሊያም እንደዛው። ቡና ላይ የሰራ ሰው ከሊሙ፣ ከጎማ፣ ከማና የመጣ ቡና እየቀመሰ ደረጃ ሲያወጣ የኖረ ከሆነ ሲቪው ላይ "የግብርና ባለሙያ" ብሎ ብቻ እንዳያልፍ፤ ሃምቡርግና ብሬመን ጥሬ ቡና የሚገባባቸው የወደብ ከተሞች ናቸው፣ ዱባይም የቡና ንግድ ማዕከል አለ፣ እዛ ያሉ አስመጪዎች የሚፈልጉት ምላስና የላኪ ቤት ልምድ ነው። ላኪ ቤት የሰራችሁ ከሆነ የምታውቁትን ገዢ በቀጥታ ጠይቁት፣ ከማንኛውም የስራ ድረገጽ ይበልጣል።

ካናዳን መርጬ ጨርሻለሁ፣ የትኛው ከተማ?

እሺ። ኤክስፕረስ ኢንትሪ (ካናዳ ባለሙያዎችን በነጥብ ለቋሚ ነዋሪነት የምትመርጥበት መንገድ) ውስጥ ለመግባት መጀመሪያ ከ100 ነጥብ 67 ያስፈልጋል፣ ከዛ በ1,200 ነጥብ ትደረደራላችሁ። በ2025 ካናዳ ውስጥ የሰሩ ሰዎች የተጠሩባቸው ዙሮች ከ500 በላይ ነበር የሚጠይቁት፣ ለብዙ ሰው ከጅማ ሆኖ ያ ሩቅ ነው። አንድ ፕሮቪንስ እናንተን ከመረጠ ግን 600 ነጥብ ይጨመራል፣ በቃ አለቀ ማለት ነው፣ ስለዚህ ከተማ መምረጥ ከገቡ በኋላ የሚደረግ ሳይሆን መግቢያው ራሱ ነው። ፈረንሳይኛ የሚችል ደግሞ ዝቅ ባለ ነጥብ ይጠራል። እዚህ አገር ማንም ስለማይሞክረው እንጂ አዲስ አበባ አሊያንስ ፍራንሴዝ አለ፣ ወጣት ከሆናችሁ አስቡበት።

ፕሮቪንስ የመረጠው ሰው እዛ ለመኖር አስቦ መሄድ አለበት፣ ስማችሁን አስገብታችሁ በሳምንቱ ቶሮንቶ መግባት ያስጠይቃል፣ ለሚቀጥለው አመልካችም በር ይዘጋል። አልበርታ የፕሮቪንስ የሽያጭ ግብር የላትም፣ 5 በመቶ ብቻ ነው የምትከፍሉት፣ ኦንታሪዮ 13 ነው። ካልጋሪና ኤድመንተን ሐበሻም ሞልቶባቸዋል፣ ቤት ኪራዩም ከቶሮንቶ ይቀላል። ኖቫ ስኮሺያና ኒው ብራንስዊክ የራሳቸው የአትላንቲክ ፕሮግራም አላቸው፣ ቀጣሪ ካገኛችሁ ነጥብ ምናምን የለበትም። ሃሊፋክስ ትንሽ ናት፣ ዝናብም አላት፣ የጅማ ሰው ብዙ አይከፋውም።

አውስትራሊያስ?

ቢያንስ 65 ነጥብ ነው፣ ከሲድኒ፣ ሜልቦርንና ብሪዝበን ውጪ እኖራለሁ ካላችሁ 491 የሚባለው ቪዛ 15 ነጥብ ይጨምራል። ፐርዝና አዴሌድ "ከከተማ ውጪ" ውስጥ ይቆጠራሉ፣ ትልልቅ ከተሞች ናቸው እኮ። ቪዛው 5 ዓመት ነው፣ ከ3 ዓመት በኋላ ቋሚውን መጠየቅ ይቻላል።

ዘመድ ወይም የአገር ሰው ያለበት ልሂድ ወይስ ስራ ያለበት?

ስራ ያለበት፣ ግን የአገር ሰው በመኪና የሚደረስበት ቦታ ቢሆን ጥሩ ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪ ለሆነ የጅማ ሰው አሜሪካ ሚኒያፖሊስ ቤቱ ማለት ነው፣ ሲዳር ሪቨርሳይድ አካባቢ በኦሮምኛ ገበያ ወጥቶ መመለስ ይቻላል። አማርኛ ለለመደ ዋሽንግተን ዙሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ አለ፣ አውሮፓ ፍራንክፈርት፣ አውስትራሊያ ሜልቦርን ያለው ፉትስክሬይ። ዘመድ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያቀላል፣ ባንክ ያስከፍታል፣ ሲም ያወጣል። ከዛ በኋላ ግን ሶስት ሰዓት በአውቶብስ ርቆ ስራ መሄድን ዘመድ አያቀለውም፣ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ። ደሞ እውነቱን እንናገር፣ የአገር ሰው መሀል ብቻ የኖረ ሰው ቋንቋው ቶሎ አይሻሻልም፣ ስራውም የአገር ሰው የሚሰራው ስራ ሆኖ ይቀራል።

ትንሽ ከተማ ስትመርጡ ጥቁር ሆኖ እዛ የሚኖር ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁ። ምስራቅ ጀርመን ኪራዩ ርካሽ ነው፣ ስራም አለ፣ አንዳንድ ቦታ ግን ማታ ብቻችሁን መሄድ ምቾት የማይሰጥበት ከተማ አለ፣ ይሄን ኤጀንሲ አይነግራችሁም።

ብርዱን እንዴት ነው የምንችለው?

ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ናት፣ ዊኒፔግ ጥር ላይ ከዜሮ በታች 30 ትገባለች። ብርዱ ግን ልብስ አለው፣ ቤትና መኪና ሁሉ ይሞቃል፣ ሰው ይለምደዋል። የሚጎዳው ጨለማው ነው። ኤድመንተን ታህሳስ ላይ ፀሐይ የምትታየው 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው፣ ጠዋት በጨለማ ስራ ትገባላችሁ፣ ስትወጡም ጨለማ ነው። ጅማ በር ላይ ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጣ ጎረቤት ሰላም እያለ ያደገ ሰው የመጀመሪያው ክረምት ላይ ዝም ይላል፣ እንቅልፍ ያበዛል፣ ስልክ አያነሳም፣ ቤተሰብም "ተለወጠ፣ ኮራ" ይላል። አልኮራም፣ ጨለማው ነው። ከተቻለ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ ግቡ፣ ቫይታሚን ዲ ሐኪም ጠይቃችሁ ውሰዱ፣ መስጊድም ቤተክርስቲያንም ይሁን በሳምንት አንዴ ከሰው የምትገናኙበት ቦታ ከሄዳችሁበት ሳምንት ጀምራችሁ ያዙ።

ባለቤቴ እዛ መስራት ይችላል/ትችላለች?

ካናዳና አውስትራሊያ በቋሚ ነዋሪነት አብራችሁ ከገባችሁ ያለምንም ጥያቄ። ጀርመን የብሉ ካርድ (ስራ ላገኘ ባለሙያ የሚሰጥ የስራና የመኖሪያ ፈቃድ) ባለቤት የትዳር ጓደኛ ከመጀመሪያው ቀን ይሰራል፣ ለመምጣትም የጀርመንኛ ፈተና አይጠየቅም። ዱባይ የራሱን ፈቃድ ማውጣት አለበት። ጋብቻችሁን በቀበሌ ወይም በማዘጋጃ ቤት ያላስመዘገባችሁ አሁኑኑ አስመዝግቡ፣ ኒካህ ወይም ተክሊል ብቻውን ኤምባሲ አይቀበለውም።

36 ዓመቴ ነው፣ አልፎብኛል?

አላለፈም ግን አትዘግይ። ካናዳ ከ30 ጀምሮ በየዓመቱ ነጥብ ይቀንሳል፣ 45 ላይ ዜሮ ይሆናል። አውስትራሊያ ከ45 በታች መሆን አለብህ። የጀርመን ቻንሰንካርተ (እዛ ሄዶ ስራ ለመፈለግ የሚሰጥ ፈቃድ) ካንተ 6 ነጥብ ይፈልጋል፣ እስከ 35 ሁለት፣ እስከ 40 አንድ ነጥብ ይሰጣል፣ ከ40 በላይ ለዕድሜ ነጥብ የለውም እንጂ አይከለክልም።

ልጄ ሊሄድ ነው፣ ቤት ልሽጥለት ወይ?

አባቴ፣ ይቆዩ፣ አይሽጡ። ካናዳ በኤክስፕረስ ኢንትሪ ለአንድ ሰው ከ15,000 የካናዳ ዶላር በላይ አካውንት ላይ ማሳየት ይጠይቃል፣ ጀርመን በቻንሰንካርተ ለሚሄድ በወር 1,091 ዩሮ ታስቦ ይታገዳል። በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ በገበያ ይመራ ከተባለ በኋላ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል፣ ስለዚህ ይሄ ገንዘብ በብር ሲታሰብ ቤት የሚያሸጥ መሆኑ እውነት ነው። ግን ቀጣሪ አግኝቶ በስራ ውል የሚሄድ ሰው ይሄን ገንዘብ ማሳየት አይጠበቅበትም። ልጅዎ አንድ ዓመት ቋንቋውን ቢማርና ውል ይዞ ቢሄድ ይሻላል ብዬ ነው የምመክርዎ። ያለዎትን ገንዘብ ቋንቋ ትምህርቱ ላይና ፈተናው ላይ ያውሉለት፣ ቤቱ ይቀመጥ።

ዶክመንት ምን ላዘጋጅ?

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ አሁን ጀምሩ። መጀመሪያ ኮስት ሼሪንግ፣ ሳትጨርሱ ኦርጅናልና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አታገኙም፣ ቴምፖ ይዞ የትም አይኬድም። ከዛ የየኮርሱን ይዘትና ሰዓት የሚያሳይ ሲለበስ ከዲፓርትመንት ማህተም አስመትታችሁ ያዙ፣ በተለይ የጤና ሰዎች የአፓረንት (የተግባር ልምምድ) ሰዓታችሁ ተለይቶ ይጻፍ፣ ከሄዳችሁ በኋላ በስልክ ይሄን ማስጨረስ መከራ ነው። የጤና ባለሙያ ከሆናችሁ በሙያችሁ ጥፋት እንደሌለባችሁ የሚገልጽ ጉድ ስታንዲንግ ደብዳቤም አለ።

ጅማ ላይ የሚበዛው ችግር ግን ስም ነው። ዲግሪው ላይ ስም በእንግሊዝኛ ልማድ ይጻፋል፣ ልደትና ቀበሌ መታወቂያ ላይ በቁቤ ይጻፋል፣ ፓስፖርት የሰጠው ሰው ደግሞ በሰማው ይጽፋል። ከድር የሚባል ልጅ ዲግሪው ላይ በ"ኢ" (Kedir)፣ መታወቂያው ላይ በ"ኤ" (Kadir)፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ ሆኖ ሶስት ሰው ይመስላል። ፓስፖርቱን እንደ ዲግሪው አድርጉት፣ ዲግሪ ማስቀየር ይከብዳልና። የልደት ቀን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስም አንድ ቀን ወይም ዓመት ይዛነፋል፣ ሁሉንም ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ደርድራችሁ በጣት እየጠቆማችሁ አመሳክሩ። አይኤልትስ የሚያገለግለው 2 ዓመት ስለሆነ ግን ቀድማችሁ አትፈተኑ፣ እሱ መጨረሻ ላይ ይሁን።

ብር ከፍዬ ስራ የሚያስገባኝ ሰው አለ፣ ልመነው?

አትመኑት። ካናዳ ውስጥ የስራ ውል መሸጥ ህገወጥ ነው። የኛም የውጪ አገር ስራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 የቪዛና የቲኬት ወጪ የቀጣሪው ነው ይላል፣ ፓስፖርት፣ ልደት፣ የህክምና ምርመራ የመሳሰለው ነው የናንተ።

ዜግነት ብወስድ ጅማ ያለው ቤቴስ?

ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም፣ የሌላ አገር ከወሰዳችሁ የኛ ይቀራል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካወጣችሁ ግን ያለ ቪዛ ትገባላችሁ፣ ትሰራላችሁ፣ ቤትም ትይዛላችሁ። ካናዳ በ5 ዓመት ውስጥ 1,095 ቀን የኖረ ዜግነት ይጠይቃል፣ ጀርመን 5 ዓመት ነው።

ሄጄ ባይስማማኝ አገር መቀየር እችላለሁ?

ካናዳ ቋሚ ነዋሪነት በ5 ዓመት ውስጥ 730 ቀን እዛ መገኘት ይፈልጋል፣ የቀረውን የትም ልትሆኑ ትችላላችሁ። የጀርመን ብሉ ካርድ ያለው ከ12 ወር በኋላ ወደ ሌላ የአውሮፓ ህብረት አገር በቀለለ መንገድ ይዛወራል፣ ጀርመን ከቆየ ደግሞ ቢ1 ጀርመንኛ ካለው በ21 ወር፣ ኤ1 ብቻ ከሆነ በ27 ወር ቋሚ ያገኛል። እንግሊዝ ቀጣሪያችሁ ፈቃዱን ከተቀማ አብዛኛውን ጊዜ 60 ቀን ነው የሚሰጣችሁ፣ በዛ ውስጥ ሌላ ቀጣሪ ማግኘት አለባችሁ፣ ስለዚ እንግሊዝ የምትሄዱ ትልቅ ሆስፒታል ወይም የቆየ ድርጅት እንጂ ትናንት የተከፈተ ድርጅት ውል አትፈርሙ።